ይፈታል፣ ግን አያድግም፦ የ2013ቱ ማክ ፕሮ ጉዳይ

አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር በቀላሉ ስለተፈታ ብቻ ዕድሜው ይረዝማል ማለት አይደለም። ይህንን ከ2013ቱ የአፕል ማክ ፕሮ በላይ አጥርቶ የሚያሳይ ማሽን አላውቅም። ሲወጣ ባለሙያዎች ፈታትተው አዩት፤ ለጥገና ምቹነቱም ጥሩ ነጥብ ሰጡት። ራሙ (የሥራ ሜሞሪው) ይወጣል። ዲስኩ ይወጣል። ፕሮሰሰሩ ሳይቀር ይወጣል። ነገር ግን አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ የሠራው ኩባንያ ራሱ ማሽኑን ወደፊት ማራመድ እንዳቃተው በይፋ ተናገረ።

ጉዳዩን በዝርዝር የማነሳው አፕልን ለመውቀስ ብዬ አይደለም። ዛሬም ብዙ ትናንሽና ቆንጆ ዴስክቶፖች በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ገዢው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው "ቢበላሽ ይጠገናል ወይ?" ብሎ ነው። "ሥራዬ ሲከብድ አብሮኝ ያድጋል ወይ?" የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የድሮው ሳጥን

የመጀመሪያው ማክ ፕሮ የወጣው በ2006 ነው። ትልቅ የአሉሚኒየም ሳጥን ነበር፤ ቅርጹን የወረሰው በ2003 ከወጣው ፓወር ማክ ጂ5 ነው። ክብደቱ 18 ኪሎ አካባቢ ስለነበር ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ሥር ነበር የሚቀመጠው።

ከኋላ ያለውን ማንሻ ሲስቡት የጎኑ ክዳን ይከፈታል። ብሎን መፍቻ አያስፈልግም። ውስጡ ለሃርድ ዲስክ አራት መሳቢያ፣ ለካርድ አራት የፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎት (ተጨማሪ ካርድ የሚሰካበት መደበኛ ቦታ)፣ ለራም እንደ ሞዴሉ እስከ ስምንት ቦታ ነበረው። ከ2009 ወዲህ በወጡት ሞዴሎች ፕሮሰሰሮቹና ራሙ የተቀመጡበት ሰሌዳ እንዳለ ተስቦ ይወጣ ነበር። ፓወር ሰፕላዩ (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል) 980 ዋት ነው። ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ይህን ሁሉ ኃይል አይጠቀምበትም። ትርፉ ገና ላልመጣው ካርድ የተተወ ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

በ2012 ግን ሳጥኑ አርጅቶ ነበር። በዚያ ዓመት ጁን ላይ የተደረገለት ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ተጠቃሚዎች ሲያማርሩ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ቲም ኩክ ለአንድ ደንበኛ በኢሜይል መለሰ፤ ለ2013 መጨረሻ ትልቅ ነገር እየተዘጋጀ ነው አለ። በመሃል በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሳጥኑ ሽያጭ ከማርች 1 ቀን 2013 ጀምሮ ቆመ። ምክንያቱ ማሽኑ ማራገቢያን የሚመለከተውን አዲስ የደህንነት ደንብ አለማሟላቱ ነበር።

ሲሊንደሩ

ጁን 10 ቀን 2013 አፕል ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አዲሱን ማክ ፕሮ አሳየ። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው አይቶት የማያውቀው ዓይነት ኮምፒውተር ነበር። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ክብ። ቁመቱ 25.1 ሳንቲሜትር፣ ስፋቱ 16.7 ሳንቲሜትር። ክብደቱ 5 ኪሎ። የያዘው ቦታ የድሮው ሳጥን አንድ ስምንተኛ ብቻ ነበር። የገበያ ክፍሉ ኃላፊ ፊል ሺለር መድረኩ ላይ ቆሞ አፕል አዲስ ነገር መፍጠር አቁሟል የሚሉትን በዚህ ማሽን መልስ ሰጠ። ዲሴምበር 19 ቀን ሽያጭ ተጀመረ፤ መነሻ ዋጋው 2,999 ዶላር። የሚገጣጠመው እዚያው አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ነበር።

የውስጡ አሠራር ግሩም ነው። ይህን ሳልናገር ወደ ችግሩ ማለፍ አልፈልግም። መሃል ላይ ሦስት ጎን ያለው አንድ የአሉሚኒየም ምሰሶ ቆሟል። በአንዱ ጎን ፕሮሰሰሩ፣ በሁለቱ ጎኖች ምስል የሚያሰሉ ሁለት ግራፊክስ ካርዶች ተለጥፈውበታል። ሦስቱም ሙቀታቸውን ለዚሁ ምሰሶ ይሰጣሉ። አናቱ ላይ ያለው አንድ ማራገቢያ ከታች አየር እየሳበ በመሃል ያሳልፍና በላይ ያስወጣዋል፤ ልክ እንደ ጭስ ማውጫ። ሦስት አራት ማራገቢያ ከሚያንጎራጉርበት ሳጥን ጋር ሲነጻጸር ጸጥታው የሚገርም ነበር። ድምፅ ለሚቀዳ ወይም ሙዚቃ ለሚያቀናብር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን አሠራሩ አንድ ቅድመ ግምት አለው። ሦስቱ ጎኖች የሚያወጡት ሙቀት ተመጣጣኝ መሆን አለበት። ምሰሶው አንድ ነው፣ ማራገቢያው አንድ ነው፣ አየሩም አንድ ነው። አንዱ ጎን ብቻውን በጣም ቢግል፣ የሌሎቹ ጎኖች ትርፍ አቅም ሊያግዘው የሚችለው በጥቂቱ ነው። ስለዚህ አፕል በ2013 አንድ ውርርድ ገባ፦ ወደፊት ከባድ ሥራ የሚሠራው አንድ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ሳይሆን ሁለት መካከለኛ ካርዶች ይሆናሉ። ውርርዱ ሐሳብ ሆኖ ቢቀር ምንም አልነበረም። አሉሚኒየም ሆኖ ተቀረጸ።

ሲፈታ ምን ተገኘ?

የዕቃዎችን ጥገና ምቹነት እየፈተሸ ነጥብ የሚሰጠው አይፊክሲት ሲሊንደሩን ወዲያው ፈታው። ከ10 የሰጠው 8 ነበር። ለአፕል ምርት፣ ያውም ይህን ያህል ለጠበበ ማሽን፣ ከፍተኛ ነጥብ ነው። እኔም ተገቢ ነጥብ ነው እላለሁ።

ከኋላ ያለችውን መቆለፊያ ሲገፏት ውጫዊው ቀፎ ወደ ላይ ተስቦ ይወጣል። ራሙ ወዲያው ፊት ለፊት ይታያል፤ አራት ቦታ አለው፣ ያለ ምንም መሣሪያ ይቀየራል። አፕል እስከ 64 ጊጋባይት ሸጠ፤ ሌሎች ኩባንያዎች ደግሞ እስከ 128 ጊጋባይት የሚሠራ ራም አቀረቡ። ኤስኤስዲውን (ፈጣኑን ዲስክ) የያዘችው አንዲት ብሎን ናት። ሙጫ የለም፣ የተደበቀ ነገር የለም።

ፕሮሰሰሩ ጋ መድረስ ግን ሥራ ይጠይቃል፤ ማሽኑን ከሞላ ጎደል መበታተን ያስፈልጋል። አንዴ ከተደረሰበት ግን ማዘርቦርድ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ የተበየደ አይደለም። በጊዜው ለሰርቨሮች ይውል የነበረው መደበኛ የኢንቴል ሶኬት ላይ ነው የተቀመጠው። ባለ አራት ኮር (አራት የማስሊያ ክፍል ያለው) ፕሮሰሰር የገዛ ሰው በኋላ ባለ 12 ኮር ዚዮን የተባለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር ሊያስገባበት ይችላል። ዓመታት አልፈው ትልልቅ ድርጅቶች የድሮ ሰርቨሮቻቸውን ሲጥሉ፣ እነዚያ ፕሮሰሰሮች በርካሽ ገበያ ላይ ወጡ። ብዙ የሲሊንደር ባለቤቶችም ማሽናቸውን በዚህ መንገድ አሳደጉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ፕሮሰሰሩ ሊያድግ የቻለው አፕል ለማሳደግ ስላሰበበት አይደለም። ሶኬቱ የኢንቴል ስለነበረ ነው። በዚያ ሶኬት ላይ የሚገባ ዕቃ በሺህ በሚቆጠሩ ሌሎች ማሽኖች ውስጥ ነበር። መለዋወጫው ከዚያ መጣ።

ኤስኤስዲው ተቃራኒውን ያሳያል። መሰኪያው የአፕል የራሱ ነው፤ ኤም ዶት 2 የሚባለው መደበኛ ዲስክ ቀጥታ አይገባበትም። ለዓመታት ምርጫው ጠባብ ነበር። በ2017 ሃይ ሲየራ የተባለው የማክ ሲስተም ኤንቪኤምኢ የሚባለውን የዲስክ ዓይነት መደገፍ ሲጀምር ነው በትንሽ ማቀያየሪያ መደበኛ ዲስክ መሰካት የተቻለው። እሱም አንድ ብቻ። ለሁለተኛ ዲስክ ውስጡ ቦታ የለም። ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ፋይሎቹን በሙሉ በኬብል ከውጪ በሚሰኩ ሳጥኖች ላይ ለማስቀመጥ ተገደደ። ትንሹ ሲሊንደር ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ በዙሪያው የዲስክ ሳጥኖች፣ የየራሳቸው ቻርጀሮችና ኬብሎች ተሰበሰቡ። ከውስጥ የተቀነሰው ቦታ ጠፍቶ አልቀረም፤ ወደ ውጪ ነው የወጣው።

የግራፊክስ ካርዱ ነገር

ማሽኑን የጣለው ግን ዲስክ አልነበረም። ግራፊክስ ካርድ ነው።

ካርዶቹ ይፈታሉ። ብሎናቸውን አውጥቶ፣ የሙቀት ቅባታቸውን ጠርጎ፣ በሌላ መተካት ይቻላል። ታዲያ በምን? ቅርጻቸው ለዚያ ምሰሶ ተብሎ የተሠራ ነው። መሰኪያቸው በሌላ ኮምፒውተር ላይ የለም። ለዚህ ማሽን ብሎ ካርድ የሠራ ሌላ ኩባንያ አልነበረም፤ አፕልም አዲስ አላወጣለትም። መተኪያ የሚገኘው ከአፕል ጥገና ወይም ከሌላ ሲሊንደር ሆድ ብቻ ነው።

ምርጫው ዲ300፣ ዲ500 እና ዲ700 የሚባሉት ሦስቱ የኤኤምዲ ፋየርፕሮ ካርዶች ነበሩ። ትልቁ ዲ700 የተመሠረተበት ቺፕ ገበያ ላይ የዋለው በ2012 መጀመሪያ ነው። ማሽኑ በተለቀቀበት ቀን ካርዱ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር ማለት ነው። ያው ካርድ እስከ 2019 ድረስ በአዲስ ማሽን ውስጥ እየተሸጠ ቀጠለ። ይህንን ስጽፍ አሁንም ይከብደኛል። ሰዎች ለሙያቸው ብለው በሺዎች ዶላር ከፍለው የሰባት ዓመት ቴክኖሎጂ ይገዙ ነበር።

ውርርዱም አልሠራም። ሁለት ካርድ አለ ማለት ፕሮግራሙ ሁለቱንም ይጠቀማል ማለት አይደለም። ለሁለቱ ተብሎ የተጻፈ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ የአፕል የራሱ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፋይናል ከት፣ ጥሩ ይሠራ ነበር። ሌላው ብዙው ግን አንዱን ካርድ ብቻ ያውቃል። የካርዶቹ ሜሞሪም አይደመርም፤ ሁለት ባለ 6 ጊጋባይት ካርድ 12 ጊጋባይት አይሆንም። አንድ ትልቅ የሦስት አቅጣጫ ሥዕል 8 ጊጋባይት ከጠየቀ ሁለቱም ካርዶች እኩል አይችሉትም።

በተጨማሪም በእነዚያ ዓመታት ኦክቴን እና ሬድሺፍትን የመሳሰሉ ታዋቂ የሦስት አቅጣጫ ሥዕል መሥሪያ ፕሮግራሞች የሚሠሩት የኤኤምዲ ተፎካካሪ በሆነው በኤንቪዲያ ካርዶች ላይ ብቻ ባለው ኩዳ በተባለ ቴክኖሎጂ ነበር። በድሮው ሳጥን ውስጥ የኤንቪዲያ ካርድ መሰካት ይቻላል። በሲሊንደሩ ግን ኤኤምዲ ነው፤ ኤኤምዲ ሆኖ ይቀራል።

ኢንዱስትሪው የሄደው አፕል ካሰበው በተቃራኒ ነው። አንድ ካርድ፣ ግን በጣም ትልቅ። በማርች 2017 የወጣው የኤንቪዲያ 1080 ቲአይ 11 ጊጋባይት ሜሞሪ ነበረው፤ ብቻውን 250 ዋት ይፈልጋል። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የሲሊንደሩ ፓወር ሰፕላይ 450 ዋት ነው። ባለ 12 ኮሩ ፕሮሰሰር 130 ዋት ተሰልቶለታል። የቀረው 320 ዋት ነው፤ ከዚያ ሁለት ካርድ፣ ራም፣ ኤስኤስዲና በፖርቶቹ ላይ የሚሰካው ሁሉ ይካፈላል። አንዱ ካርድ 250 ከወሰደ ለሁለተኛው ምን ይተርፋል? ኃይሉ ቢብቃቃ እንኳ ያ ሁሉ ሙቀት የሚወጣው በምሰሶው አንድ ጎን ብቻ ነው። የድሮው ሳጥን 980 ዋት ትርፍ የሚመስለው ማሽኑ ገና አዲስ እያለ ነው። አራት ዓመት ሲያልፍ ያ ትርፍ ማሽኑ የሚኖርበት ስንቅ ይሆናል።

በዚህ መሃል የብልሽት ጉዳይም መጣ። በፌብሩዋሪ 2016 አፕል በ2015 መጀመሪያ ወራት የተመረቱ አንዳንድ ማሽኖች የግራፊክስ ችግር እንዳለባቸው ገለጸ። ምስል ይዛባል፣ ስክሪን ይጠፋል፣ ማሽኑ ይደርቃል ወይም ራሱን ያጠፋል። ችግሩ ዲ500 እና ዲ700 ባላቸው ላይ ነበር። ኩባንያው በነጻ እጠግናለሁ አለ። እዚህ ላይ ጥገና ምን ያህል እንደሚያስኬድ፣ የት ላይም እንደሚቆም በደንብ ይታያል። የተበላሸው ካርድ ወጥቶ ሌላ ገባ፤ ጥገናው ተሳካ። የገባው ግን ያው ካርድ ነው። ባለቤቱ በ2016 ያገኘው ሲገዛ የነበረውን አቅም ነው፤ ከዚያ የተሻለ ካርድ ቢፈልግ ገንዘብ ጨምሮም አያገኝም።

የኤፕሪል 2017 ንግግር

በኤፕሪል 2017 አፕል አምስት ጋዜጠኞችን ብቻ ጠራ። ፊል ሺለር፣ የሶፍትዌር ኃላፊው ክሬግ ፌዴሪጊ እና የሃርድዌር መሐንዲሶች ኃላፊ ጆን ተርነስ ተገኙ። ከአፕል ያልተለመደ ስብሰባ ነው፤ ኩባንያው ገና ስላልሠራው ዕቃ አይናገርም።

ፌዴሪጊ ነገሩን በግልጽ አስቀመጠው። በራሳችን ዲዛይን ራሳችንን የሙቀት ጥግ ውስጥ አስገባን አለ። ማሽኑ ለሁለት መካከለኛ ካርዶች ተስማምቶ ነበር፤ ሥራው ግን ወደ አንድ ትልቅ ካርድ ሲሄድ መከተል አልቻለም። ሺለር ደግሞ ማክ ፕሮ ከሥሩ እንደገና እየታሰበ መሆኑን፣ አዲሱ ሞጁላር (ክፍሎቹ የሚቀያየሩ) እንደሚሆን፣ በዚያ ዓመትም እንደማይደርስ ተናገረ። እስከዚያው በ2,999 ዶላሩ ማሽን ላይ ያሉትን የቆዩ ዕቃዎች በአንድ ደረጃ ከፍ አድርገው ሸጡ፤ ባለ ስድስት ኮርና ዲ500 ሆነ። አዲስ ዕቃ ግን አልገባበትም።

ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ ልብ እዚህ ነው። አፕግሬድ ማድረግ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ባለቤቱ ነው፤ ብሎን መፍቻ ይዞ ቤቱ የሚሠራው ሰው። እዚህ ግን የተያዘው አምራቹ ነው። መደበኛ ስሎት ያለው ኮምፒውተር የሚሸጥ ኩባንያ አዲስ ካርድ ሲወጣ ሳጥኑን ሳይቀይር አዲሱን ካርድ ከቶ መሸጥ ይችላል። አፕል ግን አዲስ ካርድ ለማስገባት አዲስ ሰሌዳ፣ አዲስ ምሰሶ፣ አዲስ ፓወር ሰፕላይ፣ በአጭሩ አዲስ ኮምፒውተር መሥራት ነበረበት። ስለዚህ ስድስት ዓመት ያህል ምንም አልሠራም። ለባለቤቱ የዘጋው በር በራሱ ላይም ተዘጋ።

ከውጪ በኩልስ? አፕል ማሽኑን ሲያወጣ ማስፋፊያው ተንደርቦልት 2 በሚባሉት ስድስት ፈጣን የኬብል ፖርቶች ይሆናል የሚል ነበር። ለዲስክ፣ ለድምፅ፣ ለቪዲዮ መቅጃ ይህ ሠርቷል። ለግራፊክስ ግን፣ በ2018 ማክ ኦኤስ ከውጪ የሚሰኩ ግራፊክስ ካርዶችን በይፋ መደገፍ ሲጀምር፣ ድጋፉ ተንደርቦልት 3 ላላቸው ማኮች ብቻ ሆነ። ሲሊንደሩ ከዚያም ቀረ። ከሁሉም በላይ አዲስ ካርድ የሚያስፈልገው ዴስክቶፕ እሱ ነበር።

ሳጥኑ ግን አልሞተም

አፕል ሳጥኑን መሸጥ ካቆመ በኋላ ባለቤቶቹ አልተዉትም። በኔ ግምት ከዚህ ጉዳይ ሁሉ የሚያስደስተው ክፍል ይህ ነው።

የ2009ኙን ሞዴል ፈርምዌር (ማሽኑን የሚያስነሳውን የውስጥ ፕሮግራም) ወደ 2010ሩ ቀይረው ባለ ስድስት ኮር ፕሮሰሰሮችን አስገቡበት። ዩኤስቢ 3 ስላልነበረው በካርድ ጨመሩለት። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ተኩ። ከዚያ 2018 መጣ፤ ሞሃቪ የተባለው ሲስተም ሜታል የሚባለውን የአፕል ግራፊክስ ቴክኖሎጂ የማይችል ማሽን አልቀበልም አለ። በ2010 እና በ2012 ሳጥኖች ውስጥ ከፋብሪካ የገቡት ካርዶች ሜታልን አይችሉም። በሌላ ማሽን ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

አፕል ግን ለእነዚህ ሳጥኖች አንድ መንገድ ተወላቸው፦ ካርዱን ከቀየራችሁ ሞሃቪን ትጭናላችሁ። የሚሠሩትን ካርዶች ዝርዝርም አወጣ። ከመካከላቸው አንዱ በ2017 የወጣው፣ 8 ጊጋባይት ያለው ራዲዮን አርኤክስ 580 ነበር። ካርዱ 185 ዋት ይፈልጋል፤ የሳጥኑ ስሎትና ሁለቱ የኃይል ኬብሎች አንድ ላይ 225 ዋት ይሰጣሉ። ይበቃል። በ2018 መጨረሻ ላይ በ2010 የተገዛው ሳጥን የአንድ ዓመት ዕድሜ ያለው ካርድ ይዞ ይሠራ ነበር። በሱቅ እንደ አዲስ የሚሸጠው ሲሊንደር የያዘው ደግሞ የ2012ን ቺፕ ነው።

ሌላም አለ። ከሞሃቪ ጋር የመጣው የፈርምዌር ማሻሻያ ሳጥኑ ከኤንቪኤምኢ ዲስክ እንዲነሳ አስቻለው። የኤንቪኤምኢ መመዘኛ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ2011 ነው። ማሽኑ ሲሠራ ያልነበረ ቴክኖሎጂ በስሎቱ በኩል ገባበት።

ሳጥኑን ከልክ በላይ ማሞገስ አልፈልግም። ከባድ ነው፣ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ የውስጥ መስመሮቹ የቀድሞ ፍጥነት ያላቸው ናቸው። በይፋ የሚደገፍበት ሲስተምም ሞሃቪ ላይ ቆሟል፤ ሲሊንደሩ ደግሞ እስከ 2021ዱ ሞንተሬይ ሄዷል። ከተሠሩበት ዓመት ቢቆጠር ሁለቱም ስምንት ዓመት ያህል ነው። ልዩነቱ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የሆነው ነው። አንዱ እያደገ ሄደ። የሌላው ግራፊክስ ግን በመጀመሪያው ቀን በነበረበት ቆመ።

ከዚህ ጉዳይ በኋላ የዴስክቶፕን ዝርዝር መግለጫ የማነብበት ቅደም ተከተል ተቀይሯል። ክዳኑ እንዴት ይከፈታል የሚለውን መጨረሻ ላይ ነው የማየው። መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ ስንት ዋት እንደሆነ፣ ማሽኑ አሁን ከሚፈልገው በላይ ምን ያህል እንደሚተርፍ አያለሁ። ቀጥሎ መሰኪያዎቹ የማን ናቸው የሚለውን። የፓወር ሰፕላዩና የማዘርቦርዱ ቅርጽ ኢንቴል በ1995 ያወጣውን ኤቲኤክስ የተባለ መመዘኛ የሚከተል ከሆነ፣ የሚተካ ዕቃ ከማንኛውም አምራች ይገኛል። የኩባንያው የራሱ ቅርጽ ከሆነ ግን ዕቃው የሚኖረው ኩባንያው እስከፈለገ ድረስ ነው። ይህ የአፕል ብቻ ነገር አይደለም። ትልልቅ የፒሲ አምራቾችም በብዙ የቢሮ ዴስክቶፖቻቸው የራሳቸውን ማዘርቦርድና ፓወር ሰፕላይ ያስገባሉ፤ ከውጪ ሲታዩ ግን ተራ ሳጥን ይመስላሉ።

የ2019 መመለስ፣ የ2023 መዞር

ጁን 2019 ላይ አፕል አዲሱን አሳየ፤ በዲሴምበር መሸጥ ጀመረ። ወደ ሳጥን ተመልሷል። አናቱ ላይ ያለው እጀታ ሲዞር ቀፎው በሙሉ ይነሳል። ስምንት የፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎት፣ 12 የራም ቦታ፣ ከፍተኛው ራም 1.5 ቴራባይት። ፓወር ሰፕላዩ 1,400 ዋት። አይፊክሲት ከ10 ዘጠኝ ሰጠው። መነሻ ዋጋው ደግሞ 5,999 ዶላር ሆነ፤ ከሲሊንደሩ እጥፍ። በሲሊንደሩ መነሻ ዋጋ ሥራቸውን የጀመሩ ብዙ ሰዎች ይህን መግዛት አልቻሉም፤ ስለዚህ መመለሱ ለሁሉም አልነበረም።

የስሎቱ ጥቅም ግን ወዲያው ታየ፣ ያውም ለአምራቹ ጭምር። በ2021 አፕል ለዚሁ ማሽን አዳዲስ የራዲዮን ካርዶችን አወጣ። በ2019 የገዛ ሰው ካርዱን ብቻ ገዝቶ ሰካ። በሲሊንደሩ ጊዜ ማንም ማድረግ ያልቻለው ይህ ነበር።

ኤስኤስዲው ላይ ግን አንድ ማሰሪያ ቀረ። ዲስኮቹ ይነቀላሉ፤ ሆኖም ቲ2 ከሚባለው የደህንነት ቺፕ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ተራ ዲስክ ገዝቶ መሰካት አይቻልም። አፕል በ2020 የራሱን መቀየሪያ መሸጥ ጀመረ፤ ከተቀየረ በኋላም ማሽኑን ለማስተካከል ሁለተኛ ማክ ያስፈልጋል።

በጁን 2023 ያ ሳጥን የአፕልን የራሱን ኤም2 አልትራ ቺፕ ይዞ መጣ። ቀፎው ያው ነው፤ ሰባት ስሎት አለው፣ ክዳኑም እንደ ቀድሞው ይነሳል። ሲወጣ ዋጋው ከ6,999 ዶላር ይጀምር ነበር። ግራፊክሱ ግን ቺፑ ውስጥ ነው። ስሎቶቹ የድምፅ፣ የቪዲዮ፣ የኔትወርክና የዲስክ ካርድ ይቀበላሉ፤ ግራፊክስ ካርድ ግን አይቀበሉም። ራሙም ከቺፑ ጋር አንድ ላይ ታሽጓል። ይህ ያለ ምክንያት አልተደረገም፤ ሜሞሪውን ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ በጋራ ስለሚጠቀሙበት ፍጥነቱ በሰከንድ 800 ጊጋባይት ይደርሳል፣ በስሎት የሚሰካ ራም አብዛኛውን ጊዜ ይህን አይደርስም። የሚከፈለው ዋጋ ግን ግልጽ ነው። ከፍተኛው 192 ጊጋባይት ነው፤ ከእሱ በፊት የነበረው 1.5 ቴራባይት ይይዝ ነበር። እሱም ቢሆን በግዢው ቀን መወሰን አለበት። 64 ጊጋባይት ያለውን የገዛ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ 128 ቢያስፈልገው፣ ያንን ትልቅ ሳጥን ከፍቶ የሚጨምርበት ቦታ አያገኝም።